ባቡሩ የሚያድርባት ከተማ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው ይባላል። ይህ አባባል ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው ሐዲድ ላይ ደወሌም፣ አዲጋላም፣ ኤረርም፣ አፍደምም፣ ሚኤሶም አሉ። ባቡሩ በሁሉም ቆሟል፣ በሁሉም ፊሽካውን ነፍቷል፤ ሁሉንም ግን ድሬ አላደረጋቸውም። ድሬዳዋ የተለየችው ባቡሩ ያድርባት የነበረች ከተማ በመሆኗ ነው። ማለዳ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ በረሃ አቋርጦ ሲመሽ ድሬ ይገባ ነበር። ጎርፍ ሐዲዱን ይጠርገዋል፣ ሽፍታም ያሰጋል ተብሎ በሌሊት ጉዞ አልነበረም። በማግስቱ አዋሽ ይታደር ነበር፤ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነበር። ያቺ ድሬ ላይ በግድ የምታልፍ አንዲት ሌሊት ናት፣ በእኔ እምነት፣ ሆቴሉንም፣ አልጋ ቤቱንም፣ ገበያውንም የሠራችው።

ነገሩ የጀመረው ባቡሩ ሐረር ሊወጣ ባለመቻሉ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ በመጀመሪያ የሚያስበው ሐረርን ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት የባቡር ኩባንያው የማይችለው ወጪ ሆነ። መስመሩ ከተራራው ግርጌ በደቻቱ ወንዝ ዳር ቀረ፤ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬ ሲደርስ የኩባንያው ገንዘብ እየመነመነ ነበር፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በመስመሩ ላይ በሚያደርጉት ሽኩቻ መካከል ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ለድሬ ዕድል የሆነው ይህ የሌሎች ኪሳራ ነው። ሐዲዱ እዚያው ባለቀባቸው ዓመታት ወደ መሀል አገር የሚሄድ ሁሉ፣ ነጋዴውም፣ ዲፕሎማቱም፣ ሚሲዮናዊውም፣ ድሬ ላይ መውረድ ግድ ነበረበት። ከዚያ ወዲያ የበቅሎና የግመል መንገድ ነው። በቅሎ ደግሞ በአንድ ቀን አይገኝም። ዋጋ መከራከር፣ ጫኝ መቅጠር፣ ድንኳን መግዛት፣ ሸክሙን እንደ ከብቱ አቅም እንደገና ማሰር አለ፤ ጉምሩክም ዕቃውን በራሱ ጊዜ ነው የሚለቀው። መንገደኛው ቀን ሲቆጥር ከተማዋ ብር ትቆጥራለች። በቅሎ ደላላው፣ ኮርቻ ሰፊው፣ ጆንያ ጠጋኙ፣ ተሸካሚው ሥራ ያገኙት ሰው ስለተጓዘ ብቻ አልነበረም። ሰው ለመጓዝ ስለተቸገረ ነው።

ድሬ እንደ ጅቡቲ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት አልነበረችም። ነገር ግን የቅኝ ግዛት ዘመን ከተማ መሆኗ ከአቀማመጧ ይነበባል። ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች በገመድ ለክተው የቀየሱት ከዚራ አለ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በረድፍ የተተከለ፣ ለገሃሩን ፊት ለፊት የሚያይ ሰፈር ነው። በሌላው ወገን መጋላ አለ፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ አማራው፣ ጉራጌው እየመጣ በየመንደሩ የሰፈረበት። ሆቴሎቹ የነበሩት ከዚራ ነው፤ ከባለቤቶቹም ግሪኮች ይበዙ ነበር። በዚህ መስመር ላይ እንግዳ ማስተናገድን ግሪኮች የእጅ ሙያቸው አድርገውት ነበር፤ በአዋሽ ጣቢያ ያለውን ቡፌም ያስተዳደሩት እነሱ ነበሩ።

ስለ ባቡሩ ዘመን ሲወራ የሚነሣው ይኸው ከዚራ ነው፤ በረንዳው፣ የቡጋንቪላው አበባ፣ በፈረንሳይኛ የሚታዘዘው ቁርስ። ውበቱን አልክድም፤ በልጅነቱ በዚያ ጥላ ሥር ያለፈ ሰው ቢናፍቀው አይፈረድበትም። የእኔ ጥያቄ የገንዘቡ ነው። የባቡር ትኬቱ ገቢ ለኩባንያው ነበር፤ ትርፉም ፓሪስ ላሉ ባለአክሲዮኖች። የሆቴሉ ወይንና የታሸገው ምግብ የመጣው በባቡር ነው፤ ዋጋውም በመጣበት መስመር ተመልሶ ይወጣ ነበር። ታዲያ ድሬ ላይ ምን ቀረ? የከሰሉ፣ የእንቁላሉ፣ የወተቱ፣ የሥጋው፣ የውሃ ቀጂውና የልብስ አጣቢዋ ዋጋ ነው የቀረው። አንድ አልጋ ለማንጠፍ አንሶላውን የሚያጥብ፣ አጎበሩን የሚጠግን፣ ውሃውን የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ ማታ ማታ ደቻቱን ተሻግረው መጋላ ነው የሚገቡት። ማገዶና አትክልት ይዘው ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርዱት የኦሮሞ ሴቶች፣ የግመል ወተት የሚያመጡት የኢሳ ሴቶች፣ የከዚራ ሆቴል ስማቸውን ባያውቅም ቁርሱን ያለ እነሱ አያቀርብም ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛው ነው። እሱ ከዚራ አያድርም ነበር። ወይ የአገሩን ሰው ፈልጎ ግቢ ውስጥ የገመድ አልጋ ያወጡለታል፣ ወይ ጠጅ ቤት ጓሮ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ይጋደማል። የድሬ ሙቀት ክፍል ውስጥ አያስተኛም፤ ግቢውና ሰማዩ ይበቃሉ። እነዚህን ቤቶች በአብዛኛው የያዙት ሴቶች ነበሩ። በሕይወቷ ባቡር ተሳፍራ የማታውቅ ሴት፣ የባቡሩን ሰዓት ከጣቢያው ሹም እኩል አውቃ፣ ወጧን በዚያ ልክ ትጥዳለች። የድሬን የእንግዳ ማስተናገድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሴቶች ከግሪኮቹ ባለ ሆቴሎች ቀጥሎ ሳይሆን ከፊታቸው ቢያስቀምጣቸው ትክክል ነው እላለሁ።

ማለዳ ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው የሚሆን ምግብም እዚያው መጋላ አለ። ፈጢራ ሲሠራ ቆሞ ያየ ይህን ይረዳል። ሠሪው ድብልብሉን ሊጥ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፈውና በመዳፉ እየመታ፣ ጠርዙን እየጎተተ፣ ጠረጴዛው ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ያሳሳዋል። እንቁላል ሰብሮ መሀሉ ላይ ያፈሳል፤ አራቱን ማዕዘን አጥፎ ትኩስ ብረት ምጣድ ላይ ይጥለዋል፤ ሲገላበጥ ቡናማ ነቁጥ ይወጣበታል። ቆራርጦ ማር ያፈስበታል። ከሊጡ እስከ ማሩ ደቂቃዎች ናቸው፤ ሆድ ይይዛል፣ በወረቀት ተጠቅልሎም ይሄዳል። ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ አሠራር ነው፤ ድሬና ሐረር ግን የራሳቸው አድርገውታል።

የጣሊያን ወረራ ይህን ሁሉ በሌላ መልክ ሊያስኬደው ሞከረ። የጣሊያን ጦር አዛዦች ግራዚያኒና ባዶሊዮ ያዘመቷቸው ጦሮች ግንቦት 1928 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። በግዛቱ ሁሉ ሆቴል የሚሠራ አንድ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይኖር ሕግ ወጣ፤ መሐመድ አሊ የተባለው፣ ለዓመታት ያገለገለው የህንዶች ንግድ ቤት ከአገር ተባረረ። አስፋልት ተሠራ፣ ፋብሪካ ተተከለ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን የድሬ አዳር የቆመው ሰው ከሰው በመደባለቁ ላይ ነበር። ዓረቡ ከሐረሪው ካልተበደረ፣ የግሪኩ ወጥ ቤት ከኦሮሞዋ ወተት ካልገዛ ሥራው አይሄድም። በዘር መድቦ ማሳደር ለጦር ሰፈር እንጂ ለመንገደኛ ከተማ አይሆንም። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ድሬን ሲለቅ ያ ሥርዓት አብሮት ሄደ፤ መጋላ ግን እዚያው ነበረች።

ቀስ በቀስ አዳሩ ራሱ ቀረ። በናፍጣ የሚሠራ ባቡር መጣ፣ የሌሊት ጉዞ ተቻለ፣ የጭነት መኪና መንገዱን ወሰደ። የድሬ ጉዳት የሚቆጠረው አሮጌው መስመር ከቆመበት ቀን ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከዚያ በፊት፣ መንገደኛው ማደር ማስፈለጉ ከቀረበት ቀን እቆጥረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከተማዋን ያቆያት የኮንትሮባንዱ፣ የጫቱና የፋብሪካው ገንዘብ ሆነ፤ የእነዚህ ጥቅም ደግሞ እንደ አዳሩ በየደጃፉ አይደርስም።

መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣ ብዙዎች ድሬ ልትመለስ ነው አሉ። ጣቢያው ግን የተሠራው ከከተማው ውጪ ነው። መንገደኛው ወርዶ ከዚራን አያይም፤ የመጋላንም የፈጢራ ሽታ አያሸትም። ቶሎ ያደርሳል፣ ብዙ ይጭናል፤ ለአገር ጠቃሚ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ከጣቢያው እስከ ቀፊራ ገበያ የሚያመላልስ መደበኛ አውቶቡስ፣ አሮጌው ለገሃር አጠገብ በመጠነኛ ዋጋ የሚታደርበት ቤት፣ መጋላ ውስጥ ያሉት የቆዩ ግቢዎች ሳይፈርሱ አልጋ ቤት የሚሆኑበት ብድር ከሌለ፣ ባቡሩ ድሬን የሚያውቃት በመስኮት ብቻ ይሆናል። የከዚራ ቪላዎች ይጠበቁ ሲባል ደስ ይለኛል፤ ለመጋላ ግቢዎችም ያንኑ ያህል ገንዘብና ያንኑ ያህል ጥድፊያ እጠይቃለሁ፤ የጭቃ ግድግዳ እንደ ድንጋይ አይጠብቅም።