ሁለተኛው በረኛ ማን ነው? ማንም የማይጠይቀው የዝውውር ጥያቄ



የዝውውር ሰሞን ሲመጣ የመንደራ ቆጪ ወሬ ሁሌም አንድ ነው። ቡና የሚጠጣውም፣ ባጃጅ ተራ የሚጠብቀውም፣ ሜዳ ዳር የሚቆመውም «አጥቂ ማን መጣ?» ይላል። ትንሽ ጠለቅ ያለው «በረኛስ?» ብሎ ይጨምራል። «ሁለተኛው በረኛስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመንም። ዛሬ እኛ እንጠይቅ። ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ ከአንዴም ሁለቴ ውድ ዋጋ አስከፍሎናል።

🔹 ሦስት ጨዋታ፣ አራት ሰው

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጥመዋል። የመጀመሪያው አጋማሽ እንኳን ሳያልቅ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ከሜዳ አንድ ተጫዋች አስወጥተው ዘሪሁን ታደለን ከተጠባባቂ ወንበር አስነሱ። ቡድኑ በ10 ሰው ታግሎ፣ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ጎል 1ለ1 ወጣ። ያን ቀን የጨፈረውን ሕዝብ መቼም አንረሳውም።

ሁለተኛው ጨዋታ ጥር 17፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ነበር። 4ለ0 ተሸነፍን። ሦስተኛው ጥር 21፣ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር። በዚህኛው ጎሉ ላይ የነበረው ሦስተኛው በረኛ ሲሳይ ባንጫ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብን፣ ሲሳይም በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቋል። ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ህንፃ ነበር። ቪክተር ሞሰስ መታት፣ ገባች፣ 2ለ0 ተሸንፈን ወደ አገራችን ተመለስን።

ቁጠሩት፦ በሦስት ጨዋታ ጀማል፣ ዘሪሁን፣ ሲሳይ እና አዲስ። አራት ሰው ጎላችን ላይ ቆመ። «ተጠባባቂ በረኛ ዝም ብሎ ስም ማሟያ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ በላይ መልስ የለም።

አሁን ደግሞ የዚያኑ ውድድር ሌላ ገጽ እንየው። ቡርኪና ፋሶ 4ለ0 ባሸነፈችን ጨዋታ የእነሱም በረኛ አብዱላዬ ሱላማ በቀይ ወጥቶ ነበር። ዳውዳ ዲያኪቴ የሚባለው ተጠባባቂ ገባ። ሱላማ ሲወጣ ውጤቱ ገና 1ለ0 ነበር፤ ቀሪዎቹን ሦስት ጎሎች በ10 ሰው ነው ያገቡብን። ዲያኪቴ ከዚያ ወዲያ ቦታውን አልለቀቀም፤ አገሩ እስከ ፍጻሜው ስትጓዝ ጎሉ ላይ ነበር። በአንድ ውድድር፣ በአንድ ምድብ፣ ሁለት ቡድኖች ተመሳሳይ አደጋ ደረሰባቸው። አንዱ ተረበሸ፣ ሌላው ፍጻሜ ገባ። ዕድልም አለበት፣ አንክድም። የዲያኪቴ ነገር ግን ዕድል ብቻ አይመስለንም። ሰውዬው ሲጠራ ዝግጁ ነበር።

🔹 የእኛ ሁለተኛ በረኞች ለምን አይዘጋጁም?

ዘሪሁን ታደለ ያኔ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነበር። በዚያው ክለብ ደግሞ ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ነበር። ነገሩ በጊዮርጊስ ብቻ የቆመ አይደለም። የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮኖቹን በተራ እንያቸው፦

▪️ 2009፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከኦዶንካራ ጋር
▪️ 2010፦ የእኛው ጅማ አባ ጅፋር፣ ከጋናዊው ዳንኤል አጄይ ጋር
▪️ 2011፦ መቐለ 70 እንደርታ፣ ከኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ ጋር
▪️ 2012፦ በኮሮና ምክንያት ሊጉ ተሰረዘ
▪️ 2013፦ ፋሲል ከነማ፣ ከማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ጋር

በተከታታይ ዋንጫ ያነሱት አራቱም ክለቦች የውጭ በረኛ ነበራቸው ማለት ነው። በረኞቹ ላይ ቅሬታ የለንም፤ ሥራቸውን ሠርተዋል፣ ላባቸውን አፍስሰዋል። ጥያቄያችን ወንበሩ ላይ ስለተቀመጡት ልጆች ነው። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ልጅ የሚመርጠው ከእነዚሁ ክለቦች ነው። ክለቡ ውስጥ ሁለተኛ የሆነ ልጅ የአገሩን ጎል ሲረከብ በእግሩ ስንት ጨዋታ አለው?

🔹 የጅማ ነገር

2010ን ጅማ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። አባ ጅፋር ከታች ባደገበት በዚያው ዓመት፣ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ፣ እስከ መጨረሻው ከጊዮርጊስ ጋር ተናንቆ ዋንጫውን ወሰደ። ፊት ላይ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ኋላ ላይ አጄይ ነበር። አጄይ ማለት እ.ኤ.አ. በ2009 ጋና ብራዚልን በመለያ ምት አሸንፋ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስታነሳ ጎሉ ላይ የነበረ ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ አል አህሊን ገጥመን ግብፅ ላይ 2ለ0 ብንሸነፍም በመልሱ 1ለ0 አሸንፈናል። አል አህሊን! ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያስ? ገብረመድህን ወደ መቐለ ሄደው በ2011 እዚያም ዋንጫ አነሱ። የሻምፒዮኑ ቡድን እየተበተነ ሄደ። ጥር 2013 ላይ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም የሊጉን ጨዋታዎች ሲያስተናግድ፣ ከተማችን በዲኤስቲቪ ለአፍሪካ ስትታይ፣ የእኛው ክለብ ግን ላለመውረድ ይታገል ነበር። በ2014 መጨረሻ ወረደ። ዋንጫ ካነሳ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የወረደው በሁለተኛ በረኛ ምክንያት ነው አላልንም። የገንዘብ ችግሩን ሁሉም ያውቀዋል። ግን ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ፦ ዋንጫ ያመጡት ሰዎች ሲሄዱ ከኋላቸው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አልነበረም። አጥቂ ሲሄድ ሌላ አጥቂ ግዛ፣ በረኛ ሲሄድ ሌላ በረኛ ግዛ። የሚገዛበት ብር ሲያልቅ ቡድኑም አለቀ።

የጎማም ሆነ የሊሙ ቡና ገበሬ ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያረጀ ቡና ይጎነደላል፤ ማሳው በሙሉ ግን በአንድ ዓመት አይጎነደልም። በዙር ነው የሚሠራው። አንዱ ክፍል ሲታደስ ሌላው ያፈራል፣ ቤቱም አይራብም። ችግኝ ደግሞ ዛሬ ተክለህ ነገ አትለቅመውም፤ ሦስት አራት ዓመት ትጠብቀዋለህ። በረኛም እንደዚያው ነው።

🔹 ከአሜሪካ አንድ ታሪክ

የአሜሪካ ፉትቦል ላይ ኳርተርባክ የሚባል ቦታ አለ። ኳሷን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራ፣ እንደ በረኛ አንድ ሰው ብቻ የሚሰለፍበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ሰው ቦታ ቀይሮ እንኳን መግባት ስለማይችል ችግሩ ከበረኛ ጋር አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 2018 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአገር አቀፉ ፍጻሜ ላይ በጆርጂያ 13ለ0 እየተመራ እረፍት ወጣ። አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ለሁለት ዓመት ቋሚ የነበረውን ጄለን ኸርትስን አስቀምጠው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪውን ቱዋ ታጎቫይሎዋን አስገቡ። በተጨማሪ ሰዓት 26ለ23 አሸነፉ። አንጀት የሚጠይቅ ውሳኔ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በክረምቱ ኸርትስ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ አሰልጣኞቹን ጨምሮ «ምን ይሰማሃል?» ብሎ የጠየቀው ሰው እንዳልነበረ በግልጽ ተናገረ። ቦታውንም ለቱዋ ለቀቀ። ቡድኑን ግን አልጣለም፤ ልምምዱን ቀጠለ። ታህሳስ ላይ፣ በዚያው ስታዲየም፣ ከዚያችው ጆርጂያ ጋር፣ ቱዋ ተጎዳና ኸርትስ ገባ። ከኋላ ተነስተው 35ለ28 አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ2025 ደግሞ ከፊላደልፊያ ጋር ሱፐር ቦውልን አንስቶ የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ አላባማ ሁለቱንም ዋና ጨዋታዎች ያሸነፈችው ከወንበር በተነሳ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ በዓለም ላይ ብዙ ብር የሚፈስበት የዩኒቨርሲቲ ቡድን እንኳን ቁጭ ብሎ ከተጫዋቹ ጋር ማውራትን ዘንግቶ ነበር። ማውራት ደግሞ ብር አያስወጣም።

🔹 «በረኛ አይነካካም» የሚሉስ?

ይሄ ክርክር እውነት አለው። በረኛ በየሳምንቱ ከተቀያየረ ተከላካዩ ግራ ይጋባል፣ ኳስ ሲመጣ ማን እንደሚወጣ አይታወቅም፣ አንድ ስህተት የሠራ ልጅም «በቃ ቀጣዩን ተቀምጫለሁ» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሁለቱን በየሳምንቱ አፈራርቁ አላልንም። ቋሚው ቋሚ ይሁን። የምንለው ሁለተኛው ሥራው ይታወቅለት ነው። እንዴት?

1️⃣ ገና በዝግጅት ወቅት አሰልጣኙ ሁለቱንም አስቀምጦ ይንገራቸው፦ ቋሚው አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ሁለተኛ ነህ፣ ቦታው የሚቀየረው በዚህና በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ከጨዋታ በፊት ከተለጠፈ ወረቀት ላይ ዕጣውን ማንበብ የለበትም።

2️⃣ እውነተኛ ጨዋታ ይስጡት። ከረጅም ጊዜ መቋረጥ በኋላ የተመለሰው የኢትዮጵያ ዋንጫ አለ፣ የወዳጅነት ጨዋታ አለ። ያኔ በ2005 ቅያሪ ሦስት ብቻ ነበር፤ አሁን አምስት ነው። 3ለ0 እየመሩ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ለሁለተኛው በረኛ መስጠት የሚያስፈራ ነገር አይደለም።

3️⃣ ልምምድ ላይ ኳስ አቀባይ አታድርጉት። ከቋሚዎቹ ተከላካዮች ጋር የቆመ ኳስና ማዕዘን ምት ይለማመድ። ቀይ ካርድ በወጣ ማግሥት ሳይሆን በዚያው ደቂቃ ነው የሚያዛቸው፤ ድምፁን ካላወቁት አይሰሙትም።

4️⃣ የውጭ በረኛ ማስፈረም የግድ ከሆነ፣ ከጎኑ አንድ የአካባቢ ልጅ በውል ይቀመጥ። እንግዳው ሁለት ዓመት ቢቆይ፣ ሲሄድ የእኛ ልጅ ሁለት ዓመት ከጥሩ በረኛ ጋር ሠርቷል ማለት ነው። አጄይን ያህል ሰው ጅማ ላይ ነበር። ከእሱ የተማረ ልጃችን ማን ነው?

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ፣ ከሰርቦ በየዓመቱ ጓንት ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ቁመት አላቸው፣ ድፍረት አላቸው። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንዴም ሳይጠሩ፣ ለምን እንዳልተጠሩ ሳይነገራቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አጥቂ ቢሆኑ ክንፍ ላይ ይሞከሩ ነበር። በረኛ ግን ሌላ ቦታ የለውም።

ስለዚህ ዘንድሮ የዝውውር ዜና ስንሰማ፣ «አጥቂ ማን መጣ?» ካልን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር። ሁለተኛው በረኛ ማን ነው? መጨረሻ የተጫወተውስ መቼ ነው? መልሱን የማያውቅ ክለብ አዲስ ህንፃ ያኔ ያጠለቀውን ጓንት ለሌላ አማካይ እያዘጋጀ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሰፈራችሁ የምታውቁት፣ ዕድል ያላገኘ በረኛ አለ? ሐሳባችሁን አካፍሉን። መልካም ጊዜ! ⚽