የአንቴናው ምሰሶና የቡራዩ ነፋስ

ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሣው ነፋስ በየጣሪያው ጥግ የታሰሩትን የሬዲዮ አንቴናዎች ሲያንገላታ ማየት ለቡራዩ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ምሰሶ በወደቀ ቁጥር የሚታሰበው መፍትሔ ግን ያው ነው፤ ከቀድሞው የወፈረ ቱቦላሬ ወይም ባሕር ዛፍ መግዛት። እኛ በዚህ አንስማማም።

6 ሜትር ርዝመት ያለው ምሰሶ እግሩ ላይና ከእግሩ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከግድግዳ ጋር ቢታሰር፣ ነፋሱም ጫፉን በ100 ኒውተን ቢገፋው፣ የላይኛው ማሰሪያ የሚሸከመው 1,200 ኒውተን ነው። ይህ የ120 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል መሆኑ ነው። ምሰሶው ቢወፍር ቁጥሩ አይቀንስም፤ እንዲያውም ነፋስ የሚያርፍበት ስፋት ስለሚጨምር ይብሳል። ከጭቃው ግድግዳ ተመዞ የሚወጣው ሚስማሩ ነውና ወፍራሙም ምሰሶ አብሮት ይወድቃል። ይህን ስሌት በፈተና ላይ ያለ ስሕተት የሚሠራ ተማሪ ቤቱ ሲገባ በግምት ማሰሩ ሁልጊዜ ይገርመናል።

በ5 ሜትር ከፍታ ላይ በሦስት አቅጣጫ ሽቦ ወጥረን ካስማዎቹን ከምሰሶው እግር 5 ሜትር አርቀን ብንተክል ግን፣ በነፋሱ ምክንያት አንዱ ሽቦ የሚሸከመው 170 ኒውተን ገደማ ብቻ ይሆናል። ካስማው ወደ 1 ሜትር ሲጠጋ ከ600 ኒውተን ያልፋል።

«ግቢያችን ጠባብ ነው፤ 5 ሜትር ከየት ይምጣ?» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው። እንዲህ ከሆነ ምሰሶው ይጠር እንላለን። ከፍታ አጥብቆ የሚሻው ኤፍ ኤም ነው፤ ለአጭር ሞገድ አድማጭ በሁለት ዛፎች መካከል የተዘረጋ ሽቦ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ በመሆኑ የነፋሱ ግፊትም በዚያው መጠን ይቀላል። በዚህ ግን መዘናጋት አይገባም፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አናቀርብም። ምሰሶው ቢወድቅ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሊደርስ ከሚችልበት ቦታ ፈጽሞ መቆም የለበትም። ካስማዎቹንም ሰኔ ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ አፈሩ ከራሰ በኋላ ደግሞ እንደገና መነቅነቅና ላልተው እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል።