ድምፅ ጉልበት አይደለም

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሮች ስለ ሞተር ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ «ግጥሙና ታሪኩ አልበቃቸው ብሎ ደግሞ ጋራዥ ገቡ» የሚለን ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ጭሱን የሚተነፍሰው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ሳንባ ፋኩልቲ አይመርጥም። ስለዚህ የታዘብነውን፣ ይልቁንም ራሳችን ያጠፋነውን፣ ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ባለፈው የጥር ዕረፍት ከመካከላችን ሦስታችን ከመርሳ ወደ ግራና በባጃጅ እንሄድ ነበር። ነጂው አብሮ አደጋችን ነው። ማርሚታውን አስነቅሎ በምትኩ ቀጥ ያለ አጭር ቧንቧ አስበይዷል። «ስሙማ፣ እንደ አውሮፕላን ነው የምትነሣው!» ባለን ጊዜ አጨበጨብን፤ «ጨምርበት!» ያልነውም እኛው ነን። በመንገዱ ዳር አንዲት እናት ሁለት ኬሻ ሽንኩርት በአህያ ጭነው ወደ ገበያ ይነዱ ነበር። ባጃጁ ከኋላ እንደ ጥይት ሲንጣጣ አህያዪቱ ደንብራ ጭነቱን ከመስኖው ቦይ ጣለችው። እናቲቱ አልተሳደቡም። «ምነው ልጆቼ፣ ምን በደልኋችሁ?» ብቻ አሉ። ወርደን ለቀምን፤ ነገር ግን ብዙውን ውሃው ወስዶት ነበር። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከተለናል።

እንግዲህ በመጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ማርሚታን መንቀል በእርግጥ ጉልበት ይሰጣልን?

ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ፣ ነዳጅ አቃጥሎና ጭሱን አስወጥቶ ነው። ጭሱን የሚገታው ነገር ቢቀንስለት ጥቂት ጉልበት ማግኘቱ እውነት ነው፤ የውድድር መኪና የጭስ ማውጫም የሚሠራው በዚሁ አሳብ ነው። ሆኖም የውድድር ባለሙያ የቧንቧውን ርዝመትና ስፋት ለክቶ፣ የነዳጁንም መጠን አብሮ አስተካክሎ ነው የሚሠራው። ቧንቧው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል፤ ፍጥነቱን ያጣ ጭስም ተከታዩን ከሲሊንደር ስቦ ማውጣት ይሳነዋል፤ በዚህ ምክንያት ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይለግማል። ወደ 200 ሲሲ በምትጠጋ ሞተር ሰውና ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ባጃጅ ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ነው። በድሮው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነገሩ ይብሳል፤ የጭስ ማውጫው ቅርጽ ራሱ ሊያመልጥ ያለውን ያልተቃጠለ ቤንዚን መልሶ ወደ ሲሊንደር የሚገፋ ነውና፣ እርሱን መንቀል ቤንዚንን በገዛ እጅ ሜዳ ላይ መድፋት ነው። ወንድማችን ያገኘው ጩኸት ነው፤ ጩኸቱን ግን ጉልበት መሰለው።

ስለ ጭነት መኪናዎችም እንናገር። የግራናን ሽንኩርት የሚጭነው አይሱዙ ዳገት ሲከብደው የናፍጣው ፓምፕ «ይከፈትለታል»። ነገር ግን ናፍጣ ቢጨመር የሚያቃጥለው አየር ካልተጨመረ ትርፉ ያ የምናውቀው ጥቁር ጭስ ነው። አገራችን ደግሞ ደጋ ናት፤ ወልድያን በመሰለ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። አየር ላጠረው ሞተር ናፍጣ መጨመር፣ ትንታ ለያዘው ሰው እንጀራ እንደ መጠቅለል ነው። ይህንንም ጭስ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

«ሕግ የለምን?» የሚል ቢኖር፣ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተንቀሳቃሽ ነገሮች የሚወጣው ጭስና ድምፅም ጭምር ልክ እንዲወጣለት ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ደግሞ ተሽከርካሪ እንዲመረመር ይደነግጋል። ዳሩ ግን ወንድማችንን «ቦሎውን እንዴት አገኘህ?» ብለን ብንጠይቀው ሳቀና፣ «ለአንድ ቀን ማርሚታ ተዋስኩ» አለን። ይህ ብልሃት የመርሳ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገን የተባለው ታላቅ የጀርመን ኩባንያ 11 ሚሊዮን ያህል የናፍጣ መኪናዎቹን በምርመራ ሰዓት ብቻ ንጹሕ ጭስ እንዲያወጡ አድርጎ እንደ ሠራቸው ተጋልጧል። እነርሱ በኮምፒዩተር፣ እኛ በውሰት ማርሚታ አታለልን፤ ልዩነቱ የመሣሪያ እንጂ የኅሊና አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ስለዚህ «ጉዳዩ በኤሌክትሪክ ይፈታል፤ ምን አደከማችሁ?» የሚሉ አሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ በመንገድ ላይ ያለው አይሱዙና ባጃጅ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ዛሬ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ መንገድ ዳር ያለ ሕፃንም የሚተነፍሰው የሚመጣውን ዘመን አየር ሳይሆን የዛሬውን ነው።

ወንድማችንን ብቻ ለመውቀስ ግን አንደፍርም፤ ያ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆንብናል። እርሱ ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ማታ ማታ ለባለንብረቱ የተቆረጠ ገቢ ያስረክባል፤ ፍጥነት የሚያምረውም ለዚህ ነው። እንግዲያስ ጉልበት ለሚፈልግ ሰው የሚበጀውን እንንገረው። አየር ማጣሪያውን ያጽዳ፤ ካንዴላውን በጊዜው ይለውጥ፤ ካርቡራተሩን ያስተካክል። የናፍጣ መኪና ያለው ኖዝሉን ያስመርምር። የጭስ ማውጫ መለወጥ ግድ ከሆነም ለሞተሩ የተለካውንና ማርሚታ ያለውን ይግጠም፤ ካታሊስት ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለውን ፕላቲኒየም ሊገዛ ለሚመጣ ነጋዴ አይሽጠው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጉልበት አይጮኽም፤ ነገር ግን ዳገት ያወጣል፤ ነዳጅም ይቈጥባል።

ለመርማሪዎችም አንድ ቃል አለን፤ ወረቀቱንና መብራቱን ያያችሁበት ዓይን ጭሱንም ይይ፤ ምርመራውም በቀጠሮ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ ድንገት ይሁን። ለኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ፤ በዕረፍት ጊዜ ወደየትውልድ ስፍራችሁ ስትወርዱ በጋራዥ በር እንዳታልፉ። የተማራችሁትን ሒሳብ በያጁ ይፈልገዋል።

ለራሳችን የምንለው ከሁሉ ይከብዳል። ያን ቧንቧ ያስበየደው ወንድማችን ቢሆንም «ጨምርበት!» ያለው የተማረ አፍ ነው። የሚያጨበጭብለት ባይኖር ያ ጩኸት ለማን ይጮኽ ነበር? እንግዲህ ዳግመኛ በዚያ መንገድ ስንሄድ «ማርሚታህን መልስ፤ የብየዳውን ዋጋ እኛ እናዋጣለን» እንበለው። የእናቲቱን ሽንኩርት መመለስ አንችልም፤ ለጥያቄያቸው ግን በዚህ መልስ እንጀምራለን።