ዳኛ የሌለበት ጨዋታ

እንቆቅልሽ ለብቻ አይጠየቅም። «እንቆቅልህ» ያለ ሰው «ምን አውቅልህ» የሚለው ሁለተኛ ሰው ያስፈልገዋል። ታዲያ ጋምቤላ ከተማ በአንዲት ክፍል ቤት ብቻውን ለሚኖር መምህር፣ መብራት በጠፋበትና ሙቀቱ እንቅልፍ በነሣበት ሌሊት፣ «ምን አውቅልህ» የሚለው ከየት ይመጣል? ከዘመድ ርቆ በየወረዳው የተመደበ ጸሓፊና የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ብቸኝነት ያውቀዋልና፣ እኔ ያገኘሁትን መላ ዛሬ ላጫውታችሁ አሰብሁ። መላው አንድ ደብተርና አንድ የሉዶ ዳይስ ነው።

ነገሩ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና እያንዳንዳቸው አንድ ልብ ወለድ ሰው ይሆናሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ተራኪም ዳኛም ሆኖ የሚገጥማቸውን ይነግራቸዋል፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ጓደኛ ላጣ ሰው ደግሞ ሪክ ሉሚስ በ1976 «ቡፋሎ ካስል» የተባለውን፣ ለብቻ የሚጫወቱበትን መጽሐፍ አወጣ። በ2003 የታተመው «ሚቲክ» ከዚያም አለፈ፤ ተጫዋቹ ራሱ ይጠይቃል፤ ዕጣው «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ይመልስለታል።

ብቻውን ገበጣ የሚጫወት ሰው በቀኝ እጁ ያሰበውን ግራ እጁ አስቀድሞ ያውቀዋል። በዚህኛው ጨዋታ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ተጫዋቹም አያውቀውም፤ ጣዕሙም እዚህ ላይ ነው።

እኔ የምጫወተው እንዲህ ነው። ጥያቄዬን በደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ነገሩ የሚመስል ከሆነ ከ1 እስከ 4 ያለው «አዎን» ይሆናል፤ እኩል የሚያጠራጥር ከሆነ ከ1 እስከ 3፤ የማይመስል ከሆነ 1ና 2 ብቻ። ይህንንም የምወስነው ዳይሱን ሳልጥል በፊት ነው። ከዚያም ጥዬ የወጣውን እጽፋለሁ፤ ታሪኩም ከዚያ ይቀጥላል።

ለታሪክ ቦታ ደግሞ እሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከጎሬ በቡሬ በኩል በበቅሎ የወረደ ቡና፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ውሃው ሲጎድል መርከብ አይደርስም። የእኔም ሰው የጎሬ ነጋዴ ጸሓፊ ነው፤ የጌታውን ቡና በ12 በቅሎ ጭኖ በጥቅምት መጨረሻ ባሮ ዳር ደረሰ።

«የመጨረሻው መርከብ ሄዷልን?» ብዬ ጻፍሁ። የማይመስል ነው አልሁና 1ና 2ን ለ«አዎን» ሰጠሁ። ዳይሱን ብጥለው 2 ወጣ።

ይህን ያህል የደከምሁበት ቡና ባሕር ዳር ሊቀር! ዳይሱ የደብተሩን ጠርዝ ነክቷል ብዬ እንደገና ጣልሁ፤ 5 ሆነ። መርከቡ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ቡናው ተጫነ፤ ጸሓፊውም ገንዘቡን ተቀበለ። እኔ ግን እያዛጋሁ ደብተሩን ዘጋሁ።

በማግሥቱ አከራዬ በበሩ ብቅ አሉና፣

«መምህር፣ ሌሊት እንግዳ ነበረብዎት እንዴ? ድምፅ ሰምቼ ነበር» አሉኝ።

«እንግዳ አልነበረም፣ እትዬ። ብቻዬን ስጫወት ነው» ብዬ ጨዋታውን አስረዳኋቸው።

«ብቻዎን ከሆኑማ ማን ይዳኝዎታል?» ብለው ወደ ጀበናቸው ተመለሱ።

መልስ አጣሁ። በዚያው ምሽት የጻፍሁትን ሰርዤ 2ን መለስሁት። መርከቡ ሄዷል። ጸሓፊው በቅሎዎቹን ሸጦ ለቡናው መጋዘን ተከራየ፤ ለጌታውም የመዘግየቱን ምክንያት ሳይደብቅ ጻፈ፤ እስከ ሚቀጥለው ክረምት ድረስ በወንዙ ዳር ከአኙዋኮች ጋር እየኖረ ቋንቋቸውን መማር ጀመረ። ከዚያች ከአንዲት 2 የሦስት ሳምንት ጨዋታ ወጣ።

ወዳጄ አንባቢ፣ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የልጅ ጨዋታ ነው ባልሁ ነበር። ግን ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ጠረጴዛ የተማሪዎቼን ፈተና አርም ነበር። ከምወዳቸው ልጆች የአንዱ ውጤት 48 ሆነ። ማለፊያው 50 ነው። በሩ ዝግ፣ የሚያይ የለ፤ «ይህ መልስ እኮ ሊታሰብለት ይችላል» እያልሁ እስክሪብቶዬ ወደ ወረቀቱ ወረደ። ያን ጊዜ ምክንያቴን አወቅሁት። የደብተሩን ጠርዝ ነክቷል ያልሁት እኔው ነኝ።

48 ብዬ ጻፍሁ። ጠዋት ልጁን ጠርቼ የሳተውን አሳየሁት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንድንሠራም ነገርሁት። መጥቷል። ሰላምታው ግን እስከ ዛሬ አጭር ነው፤ እኔም አልፈርድበትም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የገባችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ምሽቱ ሲረዝምባችሁ ደብተርና ዳይስ ይዛችሁ ሞክሩት። ነገር ግን ዕድሉን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የወጣውንም በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ጻፉ። ነገ መዝገብና ማኅተም ይዛችሁ ብቻችሁን ስትቀመጡ፣ ያቺ ሁለተኛ መጣል የምትፈልግ እጅ የማን እንደ ሆነች ታውቋታላችሁ።