የኳንተም ኮምፒውተር ፉክክር እና የመደበኛ ኮምፒውተሮች ዳኝነት

ኳንተም ኮምፒውተር የሌለው ሀገር የዘርፉን ባለሙያ ማፍራት ይችላል? በአቡዳቢ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢኖቬሽን ተቋም ተሞክሮ እንደሚቻል ያመለክታል።

የተቋሙ የኳንተም ምርምር ማዕከል ከአውሮፓ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን በፈረንጆቹ 2020 «ኪቦ» የተሰኘ ሶፍትዌር ይፋ አድርጓል። ሶፍትዌሩ የኳንተም ስሌትን በመደበኛ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሰራ ሲሆን፣ ማንም ሰው በነጻ ሊጠቀምበት ይችላል።

ይሁንና ማስመሰሉ ወሰን አለው። አንድ ኪዩቢት በተጨመረ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ማህደረ ትውስታ እጥፍ ይሆናል። የ30 ኪዩቢቶችን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ለመያዝ 17 ጊጋባይት ገደማ ይበቃል። ኪዩቢቶቹ 40 ሲደርሱ ከ17 ሺህ ጊጋባይት በላይ፣ 50 ሲደርሱ ደግሞ 18 ሚሊዮን ጊጋባይት ገደማ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ግዙፍ ሱፐር ኮምፒውተሮችም ይቸገራሉ።

የዓለም ኩባንያዎች ውዝግብ የሚነሳውም በዚሁ ወሰን ላይ ነው። ጎግል በ2019 ባለ 53 ኪዩቢቱ «ሲካሞር» በ200 ሰከንድ ያከናወነው ስሌት ለሱፐር ኮምፒውተር 10 ሺህ ዓመት እንደሚፈጅበት አስታውቆ ነበር። አይቢኤም በበኩሉ ስራው በ«ሰሚት» ሱፐር ኮምፒውተር በሁለት ቀን ተኩል ሊጠናቀቅ እንደሚችል በመግለጽ ተከራክሯል። በ2021 ደግሞ ቻይናውያን ተመራማሪዎች የተሻለ የስሌት ዘዴ በመቀየስ ጊዜውን ወደ 304 ሰከንድ ማውረዳቸውን ገልጸዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የአዲሱ ማሽን ብልጫ የሚመዘነው በነባሩ ማሽን ነው። አስመስሎ የማስላት አቅም የሌለው መንግስት የሻጮችን ቃል አምኖ ከመቀበል ውጪ አማራጭ አይኖረውም። ያ አቅም ያለው ግን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ማጣራት ይችላል።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ያለ የፊዚክስ ተማሪም ሆነ በዱባይና ሻርጃ አዋሳኝ በምትገኘው ሙሀይስና የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወጣት፣ በተራ ላፕቶፕ 25 ኪዩቢቶችን አስመስሎ መለማመድ ይችላል፤ ለዚህ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ማህደረ ትውስታ በቂ ነው።

እርግጥ ነው፣ ማስመሰል እውነተኛውን ማሽን አይተካም። ነገር ግን ማሽኑ በሚደርስበት ቀን ቋንቋውን የሚያውቅ ትውልድ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ለዚህም ውድ ማሽን እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ስልጠናውን በዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍሎች ዛሬውኑ ማስጀመር ነው።