የምታጎነብሰው ትምረጥ

ሚኒሶታ የሚኖር ሐበሻ ክረምት ሲገባ ደጁ ላይ የተቆለለውን በረዶ በአካፋ ይዛቅ ወይስ ባለ ሞተር መጥረጊያ ይግዛ ብሎ ያወጣል፣ ያወርዳል። ወገቡን ያዳምጣል፤ ኪሱን ይዳስሳል። እርጥብ በረዶ መዛቅ ልብን ክፉኛ ስለሚያስጨንቅ፣ የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ሐኪሙ “አካፋ አትንካ” ይለዋል። የሚወስነውም የሚያጎነብሰውም አንድ ሰው ነውና ምርጫው ከሰውነቱ አይርቅም።

ጂዳ ላይ የሚወርደው አቧራ ነው። ከበረሃው የሚነሣው ብናኝ ከቀይ ባሕር ወበቅ ጋር ሲገናኝ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ዛሬ የተወለወለ መስኮት ነገ ይለብሳል፤ ሐውሹም (ግቢው)፣ ደረጃውም፣ የጣሪያው ሰገነትም እንዲሁ። መካም በተራሮቿ መካከል ከዚያው አቧራ አታመልጥም። በእነዚህ ቤቶች መጥረጊያ ይዛ የምትታየው ብዙ ጊዜ የእኛው ልጅ ናት። በእጅ ይሁን በማሽን የሚለውን የምትወስነው ግን የቤቱ እመቤት፣ ማዳም ናት። መልሱም የተለመደ ነው፦ “ሠራተኛ እያለች ማሽን ምን ያደርጋል?”

እኔ የምቃወመው ይህን አባባል ነው።

“በእጅ የተጠረገ ይበልጥ ይጠራል” ይሉናል። ደረቅ መጥረጊያ ግን ደቃቁን ብናኝ አየር ላይ ያነሣዋል። ግማሹ ተመልሶ ዕቃው ላይ ያርፋል፤ ግማሹን የምትጠርገው ልጅ ትስበዋለች። ምንጣፍ ውስጥ የገባውን አቧራ በቅጡ የሚያወጣው ማጣሪያው የጸዳ ቫኪዩም ነው። ለእብነ በረድ ወለል ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ከብዙ ማሽን ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ጨርቁን በረጅም እንጨት ላይ አስሮ ቆሞ መወልወል ሲቻል በጉልበት መንበርከክን ግን ምን ንጽሕና ያስገድዳል?

መካ ላይ ታላቁን መስጊድ ያየ ሰው ይመስክር። ሠራተኞች የሚነዷቸው የማጠቢያ ማሽኖች በምእመኑ መካከል ነጩን እብነ በረድ እያጠቡ ያልፋሉ። ከየትኛውም ቤት በላይ ንጽሕና የሚፈለግበት ስፍራ ማሽን ስለገባበት ክብሩ አልጎደለም። የካዕባ ውስጡ ሲታጠብ ግን በዘምዘምና በጽጌረዳ ውሃ፣ በእጅና በጨርቅ ነው፤ የተጋበዙትም ሥራውን እንደ ትልቅ ክብር ይቆጥሩታል። እጅ ወዶ ሲሠራ ክብር አለው። የሚያዋርደው ሌላ መንገድ እያለ መከልከሉ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ትከለክላለች። ክልከላው የሚመለከተው ድርጅቶችን ነው፤ በዚያው ሰዓት ሰገነት ላይ ምንጣፍ የምትፈገፍግ የቤት ሠራተኛ ከጥላው ውጭ ናት። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀኑን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል፤ በሳምንትም የ24 ሰዓት ዕረፍት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላን አንዲት ሴት ብቻዋን፣ በባልዲና በጨርቅ፣ በ10 ሰዓት ውስጥ እንድትጨርስ ማዘዝ ደንቡን በወረቀት ላይ ማስቀረት ነው። የመሣሪያው ጥያቄ የዕረፍቷ ጥያቄ ነው።

ማሽን ብቻውንም አያድናትም። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ የቤት ውስጥ ማሽኖች ሲበዙ የሚጠበቀው ንጽሕናም አብሮ ስለጨመረ የሴቶች የሥራ ሰዓት እንደተጠበቀው አልቀነሰም። ቫኪዩሙ ያተረፈላት አንድ ሰዓት የማዳም እኅት ቤት ለማጽዳት ከዋለ ምን ተረፈላት? መሣሪያውና የሰዓት ገደቡ አብረው ካልመጡ ሁለቱም ከንቱ ናቸው።

በደሉ የዐረብ አገር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝተን በዳንቴል ሸፍነን፣ ልጅቷን ሳፋ ላይ የምናስጎነብስ ስንቶች ነን? “ታበላሸዋለች” እንላለን። የማሽን መበላሸት የሚያሳስበን ሰዎች የወገቧ መበላሸት አያሳስበንም ማለት ነው።

የአገራችን ሕግ ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድን ሴት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃታል፤ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ አያያዝን ተምራ ነው የምትሄደው። እንግዲያው የሥራ ውሉ ደመወዟን እንደሚጽፍ ሁሉ፣ የቤቱን ስፋትና የሚቀርብላትን መሣሪያም ይጻፍ። ኤጀንሲውም ይጠይቅ፤ ውሉን የሚያጸድቀው መሥሪያ ቤትም ያለዚያ ማኅተሙን አያሳርፍ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ብታነሣም ቫኪዩሙን ብትሰካም፣ ወገቡ የእሷ ነውና ምርጫው የእሷ ይሁን።