አደይን ዘሩ ሳይረግፍ አትጨዱት

ሰሞኑን በሰፈራችን የሣር ማጨጃ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አላባራም። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ እንግዲህ ግቢ ይጽዳ ተባለ። በአጥር ጥግ፣ በቦይ ዳር፣ ቤት ባልተሠራበት ባዶ ቦታ ቆሞ የነበረው አደይ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ተጋደመ። ግማሹ ገና አበባ ላይ ነበር፤ የቀረውም ዘሩ አልጠናም። ያጨዱትን ልጆች አልወቅስም፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት። የምቆጣው ባዘዟቸው ላይ ነው። እነዚሁ ሰዎች ለእንቁጣጣሽ ያንኑ አበባ ከመንገድ ዳር በብር ገዝተው ሳሎናቸውን አስጊጠውበት ነበር።

በየአጥራችን የምናየው አደይ የአንድ ክረምት ተክል ነው። በዝናቡ ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ሥሩ መሬት ውስጥ ተኝቶ ለከርሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ዘሩ ሳይረግፍ ካጨዱት የሚመጣውን ዓመት አበባ አብረው አጨዱት ማለት ነው። አፈሩ ውስጥ የቀረ የአምና ዘር ለጥቂት ጊዜ ያቆየው ይሆናል፤ በየዓመቱ እንዲህ ከተደረገ ግን ያልቃል። ያኔ «አደይ እኮ ድሮ ቀረ» እንላለን፣ የቀረው በእኛው እጅ መሆኑን ረስተን። በደጋው አገር ቀፎ ያለው ሰው የጥቅምትና የኅዳር ማሩ ከዚህ አበባ እንደሚመጣ ያውቃል። ከተማ ውስጥም ንብ አለ፤ የሚቀስመውን ነው የምንነሳው።

ከሣር ጋር የቆየ ጠብ አለኝ፤ ዘንድሮም አልታረቅሁም። አደዩ የታጨደበት ቦታ ላይ አሁን ጥቅልል ሣር እየተነጠፈ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናብ የለም፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ሞልቶ ሣር ማጠጣት እንዴት እንደሚያስችል አይገባኝም። ጌሾ እዚያው አጥር ጥግ ቆሞ በጋውን ያልፋል። ወይራ ሥር ከሰደደ በኋላ ጭራሽ ውኃ አይጠይቅም። ሰንሰል አጥር ሆኖ ግቢ ይከልላል፤ ነጭ አበባውም ንብ አይለየውም። እኛ ግን ሰንሰሉን ነቅለን ጽድ እንተክላለን። እሱም ቢሆን የፈረንጁ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮና ጓቲማላ ነው። የሐበሻው ጽድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው የቀረው።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ይነቀል አልልም። በርበሬም ድንችም ከአሜሪካ ነው የመጡት፤ ገበታችን ያለ እነሱ ምን ይሆን ነበር? ባሕር ዛፍም በምኒልክ ዘመን ገብቶ የማገዶ ችግር የጠናባትን አዲስ አበባን አቁሟታል። ነገሬ ለመብልም፣ ለጥላም፣ ለንብም ለማይሆነው ተክል ሲባል የራሳችን መነቀሉ ላይ ነው። «አገር በቀል ቶሎ አያድግም» የሚሉኝ ሰዎች ደግሞ ብሳናን ተክለው አይተውት አያውቁም። ኮርች ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፤ አፈሩንም ያለማል። ሌላ ክርክር ካላቸው እሰማለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ችግኝ መሸጫው ነው። በዚሁ ሳምንት ቀጋ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ቀጋ በተራሮቻችን ላይ የበቀለ የራሳችን ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ይሸታል፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾኹ አጥር ይሆናል። መሸጫው በረድፍ የቆመ የውጭ ጽጌረዳ ሞልቶታል። ሻጩን ልጅ ስጠይቀው «ጋሼ፣ እሱን ማን ይገዛል?» አለኝ። እኔ እገዛለሁ! ግን እውነቱን ነው፤ ጠያቂ ካልመጣበት በምን ሞኝነት ያፈላል? ጠያቂው ደግሞ ተክሉን አያውቀውም።

እኛ ስናድግ ዳማከሴ የሌለበት ግቢ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከሌለም ሰው ልኮ ያስቆርጣል። «እማማ፣ እናቴን ምች መቷት ነው፣ ትንሽ ዳማከሴ ይስጡኝ» ብሎ የጎረቤት በር ማንኳኳት የልጅ ሥራ ነበር። ልጁም ቅጠሉን በጠረኑ ለይቶ ያውቀዋል፤ አሽቶ አሽትቶታልና። ዛሬ በኔ ሰፈር ዳማከሴን ከጦስኝ የሚለይ ልጅ ፈልጌ ማግኘት አቅቶኛል። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ከየት ያዩታል?

ይህን ሳስብ ሁሌ የሚመጡብኝ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና፣ ነገሩን ተከታትለው የሕይወት ዘመን ምርምራቸው አደረጉት፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን ተሸለሙበት። ሳይንሱ የሳቸው ነው። ግን እንዶዱ በሴቶቹ እጅ ባይኖር ምን ያዩ ነበር? እንዶድን ከግቢያቸው ያልነቀሉ፣ ፍሬውን ለቅመው ያደረቁና የወቀጡ እናቶች ነበሩ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ወደ 6,000 የሚጠጋ የተክል ዓይነት ይበቅላል። የአብዛኛውን ጥቅም ገና አልመረመርንም። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአቅሙን ያህል ይጠብቅልን፤ ነገር ግን ሰው በየግቢው የማያውቀውን ተክል አንድ ማዕከል ብቻውን ሊያቆየው አይችልም።

አሁንም አደይ የቆመላችሁ ካላችሁ ማጨዱን እስከ ኅዳር አቆዩልኝ። የአበባው ራስ ጠቁሮ፣ ሲነካ ዘሩ መርገፍ ሲጀምር፣ በደረቅ ቀን ሰብስባችሁ በወረቀት ከረጢት አኑሩት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ሰኔ ሲገባ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ መበተን ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም በረንዳ ላይ በጣሳ ሞክሩት፣ ፀሐይ ካገኘ ያብባል። ቀጋ የሚያፈላ ችግኝ ሻጭ የሚያውቅም ይጻፍልኝ፤ ከሰፈራችን አምስት ቤት ለመግዛት ዝግጁ ነው።